የእናትዎ ክኒን ስም፦ «ሃዮሲን ቢዩቲልብሮማይድ» ምን ማለት ነው? ከጓሮው አስተናግር ጋርስ ምን አገናኘው?

ጥያቄው የመጣው ከፍኖተ ሰላም ነው። አሳጥሬ እንዲህ አቀርበዋለሁ።

«እናቴ 62 ዓመቷ ነው። የሆድ ቁርጠት ሲያሰቃያት ጤና ጣቢያ ወሰድናትና ባለ 10 ሚሊግራም ክኒን በቀን ሦስት ጊዜ ታዘዘላት። ማሸጊያው ላይ ‹ሃዮሲን ኤን-ቢዩቲልብሮማይድ› ይላል። ልጄ ስልኩ ላይ ፈልጎ ‹ይሄ እኮ ስኮፖላሚን ነው፤ ሰው የሚያደነዝዙበት፣ የሰይጣን ትንፋሽ የሚሉት› አለን። የአክስቴ ባል ደግሞ ‹ከአስተናግር የሚወጣ ነው፤ ጓሯችሁ ሞልቶ ምን ያስገዛችኋል› ይላሉ። ቢዩቲል ቅቤ ማለት ነው የሚልም አለ፤ እናቴ ደግሞ ጾመኛ ናት። ብሮማይድ የእንቅልፍ መድኃኒት ነው ሲባልም ሰምተናል። የደም ግፊት ክኒንም ትወስዳለች። ለመሆኑ ይሄ ስም ምን ማለት ነው? ከየትስ መጣ? ትውሰደው ወይስ ትተወው?»

መልሱን ላስቀድም። እናትዎ ክኒኑን ይውሰዱ። ወደ ታች ከምዘረዝራቸው ሕመሞች አንዱ ካለባቸው ግን ሳይጀምሩ ያዘዘላቸውን ባለሙያ ያነጋግሩ። ስለ አስተናግሩ ግን «እንደ ሁኔታው» የሚባል ነገር የለም። አይቀቀልም፣ አይጠጣም፣ አይታጠንም።

ከቤተሰቡ ውስጥ ከመሬት ተነስቶ ያወራ ሰው የለም። ልጅዎም፣ የአክስትዎ ባልም፣ ስለ ቅቤው ያነበበውም ሁሉም የሆነ እውነት ይዘዋል። ጥፋቱ ስሙን ቆርሰው አንዳንድ ጉራጅ መያዛቸው ነው። ካርድ ክፍል በር ላይ «አበበ!» ተብሎ ሲጠራ ስንት ሰው ብድግ እንደሚል ያውቃሉ። የአባት ስም ሲከተል ነው ሌላው ተመልሶ የሚቀመጠው። እዚህም «ሃዮሲን» የራስ ስም ነው፣ «ቢዩቲልብሮማይድ» የአባት። ልጅዎ የፈለገው በራስ ስም ብቻ ነው። ያገኘው ደግሞ ሌላውን አበበ ነው።

ከፊተኛው ልጀምር። «ሃዮሲን» የተወሰደው ሂዮስኪያሙስ ከሚባል ተክል ነው። አውሮፓና እስያ ውስጥ የሚበቅል፣ ከአስተናግር ጋር የአንድ ቤተሰብ ዘር ነው። ድንች፣ ቲማቲምና በርበሬም እዚያው ቤተሰብ ውስጥ ናቸው። ስሙ የግሪክ ነው። «ሂስ» እሪያ ነው፣ «ኪያሞስ» ደግሞ ባቄላ። የእሪያ ባቄላ እንደማለት ነው። ሐኪም በሚያዝዘው ክኒን ስም ውስጥ እስከ ዛሬ እሪያ መቀመጡ ሁልጊዜ ያስቀኛል። ጀርመናዊው ኬሚስት አልበርት ላደንበርግ በ1880ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ከዚህ ተክል አንድ ንጥረ ነገር ለይቶ «ሃዮሲን» አለው።

ብዙም ሳይቆይ ኤርንስት ሽሚት የሚባል ሌላ ጀርመናዊ ስኮፖሊያ ከሚባል ተክል ያገኘውን «ስኮፖላሚን» ብሎ ሰየመው። ስኮፖሊያ የሰው መታሰቢያ ነው። ጆቫኒ አንቶኒዮ ስኮፖሊ በ18ኛው ክፍለ ዘመን የነበረ ሐኪምና የተፈጥሮ ተመራማሪ ሲሆን፣ ዛሬ ስሎቬንያ በምትባለው አገር፣ ኢድሪያ ከተማ ውስጥ የሜርኩሪ ማዕድን ሠራተኞችን ያክም ነበር። ውሎ አድሮ ነገሩ ሲጣራ የሁለቱ ጀርመኖች ግኝት አንድ ሆኖ ተገኘ። ስሞቹ ግን ሁለቱም ቀሩ። እንግሊዞች ሃዮሲን ይላሉ፣ አሜሪካኖች ስኮፖላሚን። እኛ ዘንድ የሚመጣው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የእንግሊዞቹን ስም ይዞ ነው። ስለዚህ ልጅዎ «ሃዮሲን ስኮፖላሚን ነው» ማለቱ ልክ ነው። እስከዚያ ድረስ።

መጨረሻው ላይ ያለችው «ኢን» ዝም ብላ የተቀጠለች አይደለችም። ሞርፊን፣ ካፌይን፣ ኒኮቲን፣ አትሮፒን ሁሉም በእሷ ይጨርሳሉ። አልካሎይድ የሚባሉት፣ ናይትሮጅን ያለባቸው የተክል ንጥረ ነገሮች ምልክት ሆና ትሠራለች። አልካሎይድ የሚለውን ቃል በ1819 የፈጠረው ካርል ማይስነር የሚባል ጀርመናዊ ፋርማሲስት ነው። «አልካሊ» ከዐረብኛው «አል ቀሊ» የመጣ ነው፤ ከተቃጠለ ተክል የሚገኝ አመድ ማለት ነው። «ኦይድ» ደግሞ በግሪክ «መሳይ» ነው። አልካሊ መሳይ፣ እንግዲህ። እግረ መንገዴን፣ እኛም ሳናውቀው ከእነዚህ ስሞች አንዱን በየቀኑ እንጠራለን። «ክኒን» የምንለው ቃል መነሻው ኪኒን ነው፤ የወባ መድኃኒት የነበረው፣ ሲንኮና ከሚባል ዛፍ ልጥ የሚወጣው አልካሎይድ። የአንዱ መድኃኒት ስም የሁሉም መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ አባት ስሙ። ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው።

«ቢዩቲል» በእርግጥ ከቅቤ የመጣ ስም ነው። በላቲን ቅቤ «ቡቲሩም» ይባላል። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ሼቭረል በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ቅቤን ሲመረምር አንድ አሲድ አገኘ። ቅቤ ብዙ ሲቆይና ሲበላሽ አፍንጫ የሚወጋው ያ ሽታ የዚህ አሲድ ነው። አሲዱ በቅቤ ስም ቢዩቲሪክ ተባለ። አራት ካርቦን ነበረው። ከዚያ በኋላ ኬሚስቶች አራት ካርቦን የተደረደረበትን ሰንሰለት ሁሉ «ቢዩቲል» ማለት ጀመሩ። ሜቲል አንድ፣ ኤቲል ሁለት፣ ፕሮፒል ሦስት፣ ቢዩቲል አራት። ቁጥር ነው በአጭሩ። ስሙ ቅቤን ያስታውሳል እንጂ በዚህ ቢዩቲል ውስጥ ጠብታ ቅቤ የለም፤ ፋብሪካ ውስጥ ቢዩቲል ብሮማይድ ከሚባል ፈሳሽ ኬሚካል ነው የሚመጣው። ስለ ጾሙ እናትዎ ልባቸው ካላረፈ የንስሐ አባታቸውን ይጠይቁ። ለታመመ ሰው መድኃኒት የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ከቢዩቲል በፊት ያለችውን «ኤን» ብዙ ሰው ዘሏት ያልፋል። እሷ ናት ዋናዋ። «ኤን» የናይትሮጅን ምልክት ናት። አራቱ ካርቦን የተቀጠለው የት ላይ እንደሆነ ነው የምትነግረን፦ ሃዮሲን ውስጥ ያለው ናይትሮጅን ላይ። ይህ ናይትሮጅን ተክሉ ውስጥ ሳለ በሦስት እጁ ነው ሌሎቹን የያዘው። ፋብሪካው አራተኛ ያስይዘዋል። አራተኛውን ሲይዝ የማይለቅ የኤሌክትሪክ ሙል ይኖረዋል፣ ፖዘቲቭ ይሆናል። ሙል የያዘ ነገር ደግሞ ስብ በበዛበት ግድግዳ ማለፍ ይቸግረዋል። ከደም ወደ አንጎል የሚያስገባው በር እንዲህ ያለ ግድግዳ ነው።

ውጤቱን ልብ ይበሉ። ተራው ሃዮሲን ይህን በር በቀላሉ ያልፋል። ስለዚህ ያፈዝዛል፣ ያስረሳል፣ መጠኑ ሲበዛ የሌለ ነገር ያሳያል። ቢዩቲል የተቀጠለበት ሃዮሲን ግን በሩ ላይ ይቀራል። አንጀት ላይ የሚሠራውን ሥራ ግን ይሠራል። የአንጀት ጡንቻ የሚኮማተረው አሴቲልኮሊን የሚባል መልእክተኛ ሲያዝዘው ነው። ትእዛዙ ሲበዛ ጡንቻው ይጨመደዳል፤ ቁርጠት የምንለው ያንን ነው። መድኃኒቱ የመልእክተኛውን መቀበያ ቀድሞ ይይዝበታል፣ ጡንቻውም ይላላል። እንዲያውም ክኒኑ ሲዋጥ ወደ ደም የሚገባው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። አብዛኛው እዚያው አንጀት ውስጥ ውሎ ይወጣል። ለሌላ መድኃኒት ይህ ጉድለት በሆነ ነበር። ለዚህኛው የተፈለገው ይኸው ነው።

የጀርመኑ ኩባንያ ቦሪንገር ኢንገልሃይም ይህን የተቀየረ ሃዮሲን በ1950ዎቹ መጀመሪያ ገበያ ላይ ሲያወጣው «ቡስኮፓን» አለው። «ቡ» ከቢዩቲል፣ «ስኮፕ» ከስኮፖላሚን። ዛሬ ብዙ ፋብሪካ ስለሚሠራው ማሸጊያው ላይ ሌላ የንግድ ስም ሊያዩ ይችላሉ። ከሥሩ በትንንሹ የተጻፈውን ያንብቡ።

ብሮማይዱስ? ብሮሚን የሚባለውን ንጥረ ነገር ያገኘው ፈረንሳዊው አንትዋን ባላር ነው፣ በ1826። ስሙ ከግሪክ ሲሆን ግማት ማለት ነው፤ ሽታው ያስነጥሳል፣ ዓይን ያስለቅሳል። ብሮማይድ የብሮሚን ጨው ነው። ሃዮሲኑ ፖዘቲቭ ሙል ስለያዘ ብቻውን መቆም አይችልም፤ ኔጋቲቭ አጣማጅ ይፈልጋል። ብሮማይድ ያ አጣማጅ ነው። ሥራው እዚህ ላይ ያበቃል። እርስዎ የሰሙት የእንቅልፍ ወሬም ከሜዳ የተነሳ አይደለም። እንግሊዛዊው ሐኪም ቻርልስ ሎኮክ በ1857 ፖታሲየም ብሮማይድ ለሚጥል በሽታ እንደሚረዳ ከተናገረ ወዲህ ብሮማይድ ለረጅም ዘመን የሚጥል በሽታ ማስታገሻ፣ ማረጋጊያና ማስተኛ ሆኖ ተወስዷል። ያኔ ይሰጥ የነበረው ግን በግራም ነው። እናትዎ በሚወስዱት ባለ 10 ሚሊግራም ክኒን ውስጥ ያለው ብሮማይድ 1.8 ሚሊግራም ገደማ ነው። በቀን ሦስት ፍሬ ሲዋጥ 5.4 ሚሊግራም። ይህ የአንድ ግራም አንድ መቶኛ እንኳ አይሆንም። ማንንም አያስተኛም።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ እናንተም ያልጠየቃችሁት። «ሃዮሲን ሃይድሮብሮማይድ» የሚባል መድኃኒት አለ። የራስ ስሙ ያው ነው፣ ብሮማይዱም አለ። ግን ቢዩቲል የለበትም። እሱ ተክሉ ውስጥ ያለው ሃዮሲን ነው፣ በጨው መልክ። አንጎል ይገባል። መኪና ሲሳፈሩ ለሚያስመልሳቸው ሰዎች ይሰጣል፤ መጠኑም 0.3 ሚሊግራም አካባቢ ነው። የቢዩቲሉ አንድ ጊዜ የሚወሰድ መጠን ደግሞ 10 ወይም 20 ሚሊግራም ነው። ሁለቱን አሳስቶ መስጠት ማለት እንግዲህ በአሥር እጥፎች የሚቆጠር ስህተት ነው። ፋርማሲ መስኮት ላይ «ያንን ሃዮሲኑን ስጠኝ» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ ሁልጊዜ «የትኛውን?» ብዬ የምመልሰው ለዚህ ነው። እርስዎም ሙሉ ስሙን ይጥሩ። ካላስታወሱት የድሮውን ማሸጊያ ይዘው ይሂዱ።

አሁን ወደ አስተናግር። አጤ ፋሪስም ይባላል። ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ ደጀንም ሆነ ሞጣ፣ ቆሻሻ መድፊያና የበረት ዳር ፍግ ያለበት ቦታ ሁሉ ይበቅላል። በቆሎ ማሳ ውስጥም ይገባል። ቅጠሉ ሲታሸት ይከረፋል። አበባው ነጭ ወይም ወይን ጠጅ ሆኖ እንደ መለከት የተዘረጋ ነው። ፍሬው እሾሃማ ነው፤ ሲደርቅ አራት ቦታ ይሰነጠቅና ጥቋቁር ጠፍጣፋ ዘሮች ይረግፉበታል። የአክስትዎ ባል እንዳሉት ሃዮሲን አለበት። ግን ብቻውን አይደለም። ሃዮሲያሚንና አትሮፒን የሚባሉ ዘመዶቹም አብረውት አሉ። ተክሉ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው። ስለዚህ ለአገራችን የጥንት የሚመስል ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው።

ፋብሪካዎቹ ሃዮሲኑን በብዛት የሚያወጡት ከአስተናግር አይደለም። ዱቦይዚያ ከሚባል፣ አውስትራሊያ ውስጥ በእርሻ ከሚለማ ቁጥቋጦ ነው። ከተክሉ አውጥተው፣ አጣርተው፣ መዝነው፣ ከዚያ ነው ቢዩቲሉን የሚቀጥሉበት። ጓሮ ያለው አስተናግር ይህን አንዱንም አላለፈም። ድስት ደግሞ ቢዩቲል አይጨምርም። ተቀቅሎ የሚጠጣው ውኃ አንጎል የሚገባው፣ ልጅዎን ያስፈራው ያ ሃዮሲን ነው፤ ከነዘመዶቹ። መጠኑን ደግሞ ማንም አያውቀውም። ከቅጠል ቅጠል፣ ከዘር ዘር፣ ከክረምት በጋ ይለያያል። አምና የቀቀለ ሰው ምንም ሳይሆን ቢቀር ዘንድሮም እንዲያው ይሆናል ማለት አይደለም።

አስተናግር የሚለው ስም ራሱ የሚያናግር ማለት ይመስላል። ይህን ስም ያወጡለት ሰዎች የጠጣውን ሰው አይተው መሆን አለበት፤ ብቻውን ያወራል፣ ከሌለ ሰው ጋር ይነጋገራል። የሚገርመው ፈረንጆቹም እዚያው ደርሰዋል። ሮበርት ሃውስ የሚባል የቴክሳስ የማህፀን ሐኪም ስኮፖላሚን የወሰዱ ወላዶች ሲጠየቁ ዝም ብለው እንደሚመልሱ ያያል። በ1922 እስረኞች ላይ ሞከረውና «እውነት የሚያናግር» መድኃኒት የሚባል ዝና አተረፈለት። ዝናው አልጸናም። ሰው ያወራል እንጂ የሚያወራው እውነት ይሁን ቅዠት የሚለይ የለም። «የሰይጣን ትንፋሽ» የተባለው ወሬም የዚሁ ዘመድ ነው። ኮሎምቢያ ውስጥ ሰውን በመጠጥ አደንዝዞ መዝረፍ ያለ ነገር ነው። ዱቄቱ ፊት ላይ እፍ ሲባል ሰው እንደ ባሪያ ይታዘዛል የሚለው ግን ማስረጃ የለውም። በየትኛውም መንገድ ቢሆን የእናትዎ ክኒን እዚያ ውስጥ የለም።

ጎጃም ላይ ቆሜ ስለ አስተናግር ስጽፍ አብሾን ሳላነሳ ብቀር አንባቢ ይታዘበኛል። የቅኔ አገር ነውና ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። አእምሮ ይከፍታል፣ ትምህርት ያስይዛል ተብሎ አንዳንድ የአብነት ተማሪ የሚጠጣው ነው፤ የአስተናግር ፍሬ እንደሚገባበት ይነገራል። በመድኃኒት ሳይንስ በኩል ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አሴቲልኮሊን አንጎል ውስጥ ለማስታወስ የሚያስፈልግ መልእክተኛ ነው። ሃዮሲን ደግሞ ሥራውን ይዘጋበታል። ቤተ ሙከራ ውስጥ ስለ መርሳት የሚያጠኑ ሰዎች አይጦቹን እንዲረሱ ማድረግ ሲፈልጉ የሚሰጧቸው ስኮፖላሚን ነው! በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፍራይቡርግ የነበሩ የጀርመን ሐኪሞችም ከሞርፊን ጋር ለወላዶች ይሰጡት ነበር፤ ምጡን እንዲረሱት። እንግዲህ በአብሾ ቅኔ ይያዛል የሚለውን በዚህ መዝኑት። ቅኔውን የያዙት ተማሪዎች የያዙት በራሳቸው ልፋት ነው። ከአብሾ የተረፈ ካለ ደግሞ ስለተረፈ ነው።

ጥርስ ሲያም ዘሩን ፍም ላይ አድርጎ ጭሱን በአፍ መቀበልም የቆየ ልማድ ነው። ትሉ ይወጣል ይባላል። ጥርስን የሚበላው ግን ትል አይደለም። ጭሱም የሚያደነዝዘውን አልካሎይድ ይዞ ሳንባ ይገባል። ይቅር።

ልጅ ፍሬውን ቀምሶ፣ ወይም ትልቅ ሰው ጠጥቶት ከተገኘ ምልክቶቹ ይታወቃሉ። የዓይን ብሌን ይሰፋል፣ ብርሃን ያስቸግራል። አፍ ክው ብሎ ይደርቃል። ቆዳ ይቀላል፣ ይግላል፣ አያልበውም። ልብ ይሮጣል፣ ሽንት እምቢ ይላል። ከዚያ መቀባዠር፣ አየር ላይ የሌለ ነገር መልቀም ይመጣል። ይህ ሲሆን ወደ ሆስፒታል ነው የሚሮጠው፤ ፍሬውን ወይም ቅጠሉን ይዛችሁ ሂዱ፣ ለሐኪሙ ጊዜ ይቆጥብለታል። በግድ አታስመልሱት። ወተትም አትጋቱት፤ እየተቀባዠረ ሲጠጣ ወደ ሳንባው ይገባበታል። ሰይጣን ነው ብላችሁ ቤት ማቆየት ደግሞ ሰው ያሳጣል። ጠበል በኋላም ይደርሳል።

ለሚዛን ያህል፣ የዚህ ተክል ቤተሰብ ያለቦታው ሲገባ ይገድላል እንጂ በቦታው ያድናል። የጸረ ተባይ መርዝ የጠጣ ገበሬ ሆስፒታል ሲደርስ በመርፌ የሚሰጠው አትሮፒን የአስተናግር አልካሎይድ ነው። የሚሰጠው ግን ንጹሕ ሆኖ፣ ተመዝኖ፣ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ ነው።

ወደ እናትዎ ክኒን ልመለስ። ለማን አይሆንም? ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ ለሚባለው የዓይን ግፊት ሕመም አይሆንም። ማያስቴኒያ ግራቪስ ለሚባለው የጡንቻ መድከም አይሆንም። ፕሮስቴት አብጦባቸው ሽንት ለሚያስቸግራቸው አባቶችም እንዲሁ። ልባቸው ያለወትሮው የሚሮጥ ሰዎች ሐኪም ሳያማክሩ አይውሰዱት። ከሁሉም በላይ ግን አንጀት ተዘግቶ ከሆነ ይህን መድኃኒት መውሰድ አደጋ ነው። አገራችን ውስጥ ለአንጀት መዘጋት ከሚያጋጥሙ ምክንያቶች አንዱ የትልቁ አንጀት መጠማዘዝ ነው። ሆድ ይነፋል፣ ፈስም ሰገራም ይቆማል፣ ያስመልሳል። ይህን ቁርጠት ነው ብሎ በክኒን ማባበል የቀዶ ሕክምናውን ሰዓት ማሳለፍ ነው። ትኩሳት፣ ደም ያለበት ሰገራ፣ እንደ እንጨት የደረቀ ሆድ፣ ምክንያት የሌለው መክሳት ካለም ክኒኑ ቀርቶ ሐኪም ይይ።

የመድኃኒቱን ወሰንም እወቁት። ቁርጠቱን ያላላል፤ ቁርጠቱን ያመጣውን አያክምም። አሜባ ወይም ጃርዲያ ካለ ሰገራ ተመርምሮ የራሱ መድኃኒት ይሰጣል። ልብ ሥር የሚያቃጥል የጨጓራ ሕመም ከሆነ ደግሞ ይህ ክኒን የሱ አይደለም። ሁለት ሳምንት ወስደውት ቁርጠቱ እየተመላለሰ ካስቸገረ ዳግመኛ ፓኮ አይግዙ፤ ይመርመሩ። ከጎንዮሽ ጉዳቱ የሚበዛው አፍ መድረቅ ነው፣ አንዳንዴም የልብ መምታት መፍጠን። የሆድ ድርቀት ያለባቸው ከሆነ ሊብስባቸው ይችላልና ውኃ ያብዙ።

የደም ግፊት ክኒናቸውን በተመለከተ፣ በየጤና ጣቢያው የሚታዘዙት እንደ አምሎዲፒን፣ ኤናላፕሪልና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉት ከዚህ መድኃኒት ጋር አብረው ለመወሰድ አያስቸግሩም። ግፊቱን ብለው አንዱንም እንዳያቆሙ። ለድብርት የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ወይም ለአለርጂ የሚሰጠው ክሎርፌኒራሚን ከተጨመረ ግን ይንገሩን፤ እነሱም አፍ የሚያደርቁና ሽንት የሚይዙ ናቸው፣ ሲደራረቡ ለ62 ዓመት ሴት ይከብዳል። ለማስመለስ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድም አብሮ አይሄድም። እሱ ሆድን ያንቀሳቅሳል፣ ይህ ያስቆማል፤ አንዱ የአንዱን ሥራ ያፈርሳል።

እንግዲህ ግላኮማ እንደሌለባቸው ጠይቁ፣ ሆዳቸው እንዳልተነፋና ሰገራ እንዳልቆመ አረጋግጡ፣ ከዚያ አንድ አንድ ፍሬ በቀን ሦስት ጊዜ እንደታዘዘው ከውኃ ጋር ይዋጡ። ሳይታኘክ። ጓሮ ያለውን አስተናግር ደግሞ ፍሬው ደርቆ ሳይረግፍ ከነሥሩ ንቀሉት፤ ለልጆቹ ሲባል። ስትነቅሉ እጃችሁን በላስቲክ ሸፍኑ፣ ዓይናችሁን አትንኩ፣ ስትጨርሱ በሳሙና ታጠቡ። ቀብራችሁት እንጂ አቃጥላችሁ ጭሱን አትታጠኑ።